የጀልባ ተሳቢ እግር እንዴት እንደሚያዝ

ባሕር ዳር ሳድግ ጎማ ያለው ጀልባ አይቼ አላውቅም ነበር። የአጎቴ የሞተር ጀልባ ከወደቡ ዘጌ፣ ከዘጌ ወደቡ ሲመላለስ ዓመቱን ሙሉ የሚያድረው ውሃ ላይ ነው። ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ደግሞ ሥራ ሲጨርሱ ታንኳቸውን ጎትተው ዳር ላይ ያደርቁታል፤ ደንገል ውሃ ከጠገበ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ስለ ጀልባ የማውቀው ይኸው ነበር፦ ሆዱ ካላፈሰሰና ሞተሩ ከተነሳ ጀልባው ደህና ነው።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እየኖርኩ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 የመጀመሪያ ጀልባዬን ስገዛም የመረመርኩት እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ነው። ጀልባዋ 16 ጫማ አሉሚኒየም ናት፣ ሞተሯ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ከሥሯ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ። ሻጩ ሞተሩን በውሃ ቱቦ አስነስቶ አሳየኝ። ስለ ተሳቢው ስጠይቀው ጎማው አዲስ እንደሆነ ነገረኝ፤ ጥርሱን ሳየው እውነትም አዲስ ይመስላል። ተስማማን።

ሦስተኛው ጉዟችን ላይ ነው። ከልጄ ጋር ሜሪላንድ ያለው የጀልባ ማውረጃ ሳንዲ ፖይንት ወርደን፣ የቼሳፒክ ድልድይ ምሰሶዎች ሥር ስናጠምድ ውለን በመንገድ 50 ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ቦዊ አካባቢ ስንደርስ የተቃጠለ ዘይት የሚመስል ሽታ መጣ። የፊተኛው መኪና መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ልጄ በቀኝ በኩል እያየ “አባዬ፣ ያ ጎማ የእኛ ነው?” አለኝ። የተሳቢው ቀኝ እግር ከነሞዞው፣ ማለትም ከነመሃል ብረቱ፣ ወልቆ፣ ከጎናችን እየተንከባለለ፣ ቀድሞን እየሄደ ነበር። ወዲያው ተሳቢው በአክስሉ ጫፍ አስፋልቱን ማረስ ጀመረ። ፍሬኑን በድንገት ሳልረግጥ ቀስ እያልኩ ዳር ያዝኩ፤ ጎማው ደግሞ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። የወለቀው ግራው እግር ቢሆን ኖሮ ግን ያ ሁሉ ብረት ሦስት መስመር ሙሉ መኪና መሃል ነበር የሚገባው። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ የተሳቢዬን እግር የምከፍተውም የምዘጋውም ራሴ ነኝ። በአካባቢያችን ጀልባ የሚገዛ ሐበሻ እየበዛ ስለሆነ፣ የተማርኩትን በተማርኩበት ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ በሽታው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። ሞዞ የምንለው ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ብረት ነው። ውስጡ ሁለት ኩሽኔታ አለ፣ አንዱ በውጭ በኩል፣ አንዱ በውስጥ በኩል፤ ሁለቱም በአክስሉ ጫፍ ላይ ይሽከረከራሉ። ከኋላ ግሪሱን የሚይዝና ውሃ የሚከለክል ክብ ላስቲክ አለ፣ ከፊት ደግሞ ቆብ። የኔ ተሳቢ ጎማ 13 ኢንች ቸርኬ ያለው ትንሽ ጎማ ነው፤ በአንድ ማይል ወደ 850 ጊዜ ይዞራል። ከቤቴ ሳንዲ ፖይንት 45 ማይል ገደማ ስለሆነ ለመድረስ ብቻ ወደ 38,000 ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። ሞዞው ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ሞቆ ይለጠጣል። ከዚያ ደርሰን ወዲያው ወደኋላ ነድተን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። የሞቀው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተርና ሞዞው እንደ መርፌ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ላስቲኩ ትንሽ ካረጀ ውሃው ሰተት ብሎ ይገባል። ግሪሱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፣ ብረትን ማለስለሱም ያበቃል። ጀልባዋ ሁለት ሳምንት ጓሮ ስትቆም ኩሽኔታው ይዝጋል። የመኪናችን ኩሽኔታ ዓመታት ሳይነካ የሚኖረው ታሽጎ ስለሚመጣና በየሳምንቱ ስለማይጠመቅ ነው። የጀልባ ተሳቢን በዚያ ሚዛን ማየት ትልቁ ስህተት ነው።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብም መሣሪያም አይፈልግም። ማውረጃው ጋ ስትደርሱ ወዲያው ውሃ ውስጥ አትግቡ። ዳር ቁሙና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሞዞው ይቀዝቅዝ። በዚያ ጊዜ የሚሠራ ሞልቷል፦ የጀልባዋን የውሃ መውጫ ውታፍ ግጠሙ፣ የኋላ ማሰሪያዎችን ፍቱ፣ የሕይወት ጃኬቱንና በረዶ ሳጥኑን ጫኑ፣ የመብራቱን ሶኬት ከመኪናው ንቀሉ። እኔ የምጨርሰው በእጄ ሞዞውን ዳስሼ ነው። ለብ ብሎ ከቀዘቀዘ እወርዳለሁ። ስትወርዱም ጀልባዋ እንድትንሳፈፍ ከሚበቃው በላይ ተሳቢውን አታስጥሙ፤ አንዳንዱ ማውረጃ ቁልቁለቱ ስለሚያግዝ ሞዞው ውሃ ሳይነካው ጀልባዋን ማውረድ ይቻላል።

አሁን ወደ ጎማው። ሻጩ “አዲስ ነው” ያለኝን ጎማ አደጋው ካለፈ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነበው በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደሎች በኋላ ያለው የመጨረሻ አራት አሃዝ 2211 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቱ። በ2011 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ፣ ስድስት ዓመት የሞላው ጎማ ነበር። የጀልባ ተሳቢ ጎማ ጥርሱ ከማለቁ በፊት ነው የሚያረጀው፤ ብዙ አይሄድም፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይደርቃል። ጎኑን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በአውራ ጣት ስትጫኑት የሚከፈት ስንጥቅ፣ እብጠት፣ ወይም ከጥርሱ ሥር የሚታይ ሽቦ ካለ ያ ጎማ አይጎተትም። እኔ አምስት ዓመት ከሞላው ጥርሱን ሳላይ እቀይራለሁ። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ከውጭ ካጣችሁት ተሳቢው ሥር ገብታችሁ ፈልጉት።

ስትገዙ ከመጠኑ ቁጥር ፊት ኤስቲ የሚሉ ፊደሎች መኖራቸውን አረጋግጡ፤ ለተሳቢ የተሠራ ማለት ነው። ጎኑ ከመኪና ጎማ ይጠነክራል። ፒ የሚል የመኪና ጎማ “ልክ ነው ይገባል” ብሎ የሚሸጥላችሁ ጎሚስታ ካለ ሌላ ዘንድ ሂዱ። የኔ 175/80 ባለ 13 ኢንች፣ የጭነት ደረጃው ሲ ነው፤ በ50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) 1,360 ፓውንድ ይሸከማል። እዚያው መጠን ላይ ደረጃው ቢ የሆነው ግን በ35 ፒኤስአይ 1,100 ፓውንድ ብቻ ነው የሚችለው። መደርደሪያ ላይ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉና ፊደሉን አንብቡ።

ነፋሱ ሐበሻ ወንድሞቼ ላይ በብዛት የማየው ችግር ነው። በመኪና ልማድ 32 ሞልተው ይወጣሉ። የተሳቢ ጎማ የሚሞላው ጎኑ ላይ በተጻፈው ከፍተኛ ልክ ነው፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይሞቃል። ሲሞቅ ውስጡ ያሉት ንብርብሮች ይለያያሉ፣ ጥርሱ ተገንጥሎ ይወጣና እየተገረፈ ፓራፋንጎውን ይቀደዋል። ፍጥነትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ብዙ የኤስቲ ጎማ ጎኑ ላይ ሌላ ካልተጻፈ ልኩ በሰዓት 65 ማይል ነው፤ እኔ ከ60 አላልፍም። ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ይለፈኝ።

ክብደቱንም አንድ ጊዜ እውነተኛ ሚዛን ላይ አውጡት። የከባድ መኪና ማደያዎች ለጥቂት ዶላር ይመዝናሉ። ሰው የጀልባዋን ወረቀት አንብቦ “700 ፓውንድ ናት” ይላል፤ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ መልህቁ፣ ተሳቢው ራሱ አልተቆጠሩም። 12 ጋሎን ቤንዚን ብቻ ከ70 ፓውንድ በላይ ነው። ክረምቱን ክዳኗ ተቀዶ ዝናብ የገባባት ጀልባ ደግሞ በእያንዳንዱ ጋሎን 8 ፓውንድ ከምናምን ትጨምራለች። ጎረቤቴ እንደዚያ ውሃ ያዘለች ጀልባ ሊጎትት ሲነሳ ደርሼበት ውታፉን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ሲፈስ ቆምን።

ዋናው ሥራ ግን ሞዞውን መክፈት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ እኔ በመጋቢት፣ ሁለት ቅዳሜ ይበቃል፦ አንዱን ቅዳሜ ግራውን፣ ሌላውን ቀኙን። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ይፈራል። አትፍሩ፤ ውስጡ ያለው ነገር ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም።

ተሳቢውን ከመኪናው ጋር እንዳለ አያይዙት፣ የመኪናውን የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ መሬት የሚቀረውን እግር ከፊትና ከኋላ በእንጨት ደግፉ። የቸርኬውን ዳዶዎች ጎማው መሬት እንደነካ ፈታ ፈታ አድርጉ፣ ከዚያ በክሪክ አንሱ። ክሪኩን ከአክስሉ መሃል ሥር አታስገቡ፣ አክስሉን ያጎብጠዋል፤ ከሻሲው ሥር አንሱና በጠንካራ መቆሚያ አሳርፉት። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ሰው ሥር ገብቶ የሚያምነው መቆሚያውን ነው።

ጎማውን ሳትፈቱ ከላይና ከታች ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት። ጠቅ ጠቅ ካለ ልቋል። ቀጥሎ አሽከርክሩትና ጆሮአችሁን አቅርቡ። ጤነኛ ኩሽኔታ ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ የታመመው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ያጉረመርማል። ይህችን ምርመራ በየወሩ ማድረግ ይቻላል፣ ሁለት ደቂቃ ናት።

ጎማውን አውልቃችሁ የሞዞውን ቆብ በካቻቢቴ ዙሪያውን ቀስ በቀስ እየገፋችሁ አውጡት። ዳዶዋን የምትቆልፈውን ኮፒሊያ በፒንሳ አቅኑና ሳቡ፤ አትመልሷት፣ አዲሷ ከአንድ ዶላር በታች ናት። ዳዶዋና ከሥሯ ያለችው ሮንዴላ ሲወጡ ሞዞውን ትንሽ ወደ ራሳችሁ ስትስቡት የውጩ ኩሽኔታ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ሞዞውን አውጥታችሁ ገልብጡት፣ የኋላውን ላስቲክ ፈልቅቁ፣ የውስጡ ኩሽኔታ ይወጣል። የግራውን ከቀኙ፣ የውስጡን ከውጩ እንዳትቀላቅሉ። እያንዳንዱ ኩሽኔታ ሞዞው ውስጥ ተመትቶ ከገባ የብረት ቀለበት ጋር አብሮ ስላለቀ፣ ባልና ሚስት ናቸው። እኔ የሽሮ ክዳኖች ላይ ጽፌ ነው የማስቀምጣቸው።

ሁሉንም በላምባ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ። በኮምፕሬሰር ነፋስ ኩሽኔታውን እያሽከረከራችሁ አታድርቁ፤ ያለ ግሪስ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ሊበታተንና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ከዚያ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጣችሁ እዩ። ይህን ክፍል አታቻኩሉት። በደቃቁ ሲሊንደሮች ላይ ሰማያዊ ቀለም ካለ በሙቀት ተቃጥሏል። ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ውሃ ገብቶ ነበር። ቀለበቱ ውስጥ ጥፍራችሁን አሳልፉ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ አበቃለት። የኔ ወልቆ የሄደው ሞዞ ቀለበት ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ሲሊንደሮቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል። የቀረው የግራው እግር ግሪስ ደግሞ ወተት ይመስል ነበር፣ እሱም ተራውን እየጠበቀ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ከተበላሸ ኩሽኔታውንም ቀለበቱንም አብራችሁ ቀይሩ። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ከተቀመጠ ያው ቀለበቱ አዲሱን ይበላዋል።

መለዋወጫ ቤት ስትሄዱ የቋንቋ ነገር ያስቸግራል። ኩሽኔታ፣ ሞዞ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ የምንላቸው ከጣልያን ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው፤ እዚህ ቤሪንግ፣ ሀብ፣ ነት፣ ሪም ነው የሚባሉት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ነው። 3,500 ፓውንድ በሚሸከም አክስል ላይ በብዛት የሚገኘው የውስጡ ኤል 68149፣ የውጩ ኤል 44649 ነው። ነገር ግን የኔን ቁጥር ይዛችሁ አትግዙ፤ የራሳችሁን አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አሮጌው ቀለበት የሚወጣው ከተቃራኒው ወገን ለስላሳ የነሐስ ዘንግ አስገብቶ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን በመዶሻ መታ መታ በማድረግ ነው። አንድ ጎን ብቻ ከመታችሁ ይጣመምና ይነክሳል። አዲሱን ስታስገቡ አሮጌውን ከላዩ ገልብጣችሁ እንደ መግፊያ ተጠቀሙበት። ቀለበቱ መቀመጫው ላይ ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ የሚጮኸው ድምፅ ጠንከር ብሎ ይደፈናል። ያን ድምፅ አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም።

ግሪሱ ለባሕር ሥራ የሚሆን፣ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ መሆኑ ቆርቆሮው ላይ ይጻፋል። አንዱን ዓይነት ምረጡና እሱኑ ያዙ። የተለያየ መሠረት ያላቸው ግሪሶች ሲደባለቁ አንዳንዶቹ ይቀጥኑና ይፈሳሉ፤ ዓይነት መቀየር ካማራችሁ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ይውጣ። አሞላሉ በእጅ ነው። የጓንታችሁ መዳፍ ላይ እብጥ ያለ ግሪስ አድርጉ፣ የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ በመዳፋችሁ ላይ እየጫናችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ግሪሱ በሲሊንደሮቹ መካከል አልፎ ከላይ ብቅ እስኪል። ዙሪያውን እንዲሁ። ላዩን ብቻ የተቀባ ኩሽኔታ ልቡ ደረቅ ነው፣ ዳቦ ላይ ቅቤ እንደ መቀባት የሚያስቡት ብዙዎች እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት።

የውስጡን ኩሽኔታ አስቀምጡ፣ አዲስ ላስቲክ በጠፍጣፋ እንጨት እኩል እየመታችሁ አስገቡ፣ ስፕሪንግ ያለበት ፊቱ ወደ ግሪሱ ይሁን። አክስሉ ላይ ላስቲኩ የሚያርፍበትን ቦታ በጣት ዳስሱት፤ ጎድጎድ ያለ መስመር ከሠራ አዲስ ላስቲክም ውሃ አያቆምም፣ ያን ጊዜ ባለሙያ ማየት አለበት። ከዚያ ሞዞውን፣ የውጩን ኩሽኔታ፣ ሮንዴላዋን፣ ዳዶዋን።

የዳዶዋ አጠባበቅ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ሠራተኛ የሚወድቀው። እንደ ቸርኬ ዳዶ አንቆ ማሰር ኩሽኔታውን ያቃጥላል፤ ልል መተው ሞዞውን ያወዛውዛል። ሞዞውን በአንድ እጅ እያሽከረከራችሁ ዳዶዋን ወደ 50 ፉት ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አጥብቁ፤ ይህ ሁሉም በቦታው እንዲቀመጥ ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አላሉት፣ ሞዞው ሳይዞር። አሁን በጣታችሁ ብቻ እስክትገታ አዙሯት። ኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደኋላ፣ ወደሚላላበት፣ እስኪገጥም ትንሽ መልሱ እንጂ ወደፊት አትግፉ። ኮፒሊያዋን አስገቡና እግሮቿን ቆልምሙ። ሞዞው በነፃነት መዞር አለበት፣ ሳይጠቅጠቅ።

አንዳንድ ተሳቢ በቆቡ ፈንታ ቤሪንግ በዲ የሚባል ስፕሪንግ ያለው ቆብ አለው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግሪሱን ከውስጥ በትንሹ ገፍቶ ስለሚይዝ ውሃ ለመግባት ይቸገራል። የሚያሳዝነኝ ግን ሰው እሱን ካስገባ በኋላ ሞዞውን ለዓመታት አለመክፈቱ ነው። ግሪስ ከፊት ሲጨመር የኋላው ኩሽኔታ ዘንድ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ የገባውም ውሃ እዚያው ይቀራል። ስትጨምሩ በቀስታ ይሁን፣ የዚህን ቆብ የውስጥ ቀለበት ጠርዙን ስትጫኑት ከተንቀሳቀሰ በቂ ግሪስ አለውና አቁሙ። ያለ ልክ መግፋት የኋላውን ላስቲክ ከቦታው ሊያስወጣው ይችላል። ከቸርኬው በውስጥ በኩል የተረጨ ግሪስ ካያችሁ ይኸው ሆኗል፤ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑንም አበላሽቶታል።

ጎማውን ስትመልሱ የቸርኬው ዳዶዎች በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ከዚህ፣ ቀጣዩን ከማዶ፣ በሦስት ዙር ነው የሚጠብቁት። የግማሽ ኢንች ቡሎን ላይ ለብረት ቸርኬ የተለመደው ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ ነው፤ የራሳችሁ ተሳቢ መመሪያ ካለ እሱን ተከተሉ። ቡሎኑን ዘይት አትቀቡ፣ ቁልፉ የሚያሳየው ልክ ይሳሳታል። በጉልበት ገምቶ ማሰር ይቅር፣ ልክ የሚያሳይ ቶርክ ሬንች ግዙ ወይም ከመለዋወጫ ቤት ተዋሱ። ጎማ ከተፈታ በኋላ በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል ላይ ቆማችሁ ድገሙት። ለኔ 10ኛው ማይል የመጀመሪያው ማደያ ነው፤ ቡና እገዛለሁ፣ ዳዶዎቹን እፈትሻለሁ።

ጉዞ ላይ በቆምኩ ቁጥር ሁለቱንም ሞዞ እዳስሳለሁ። የእጅ ጀርባ አስጠግታችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ መዳፍ። ለብ ማለቱ ደህና ነው። መዳፍ ማሳረፍ ካልተቻለ ችግር አለ። ከሙቀቱ ይልቅ ግን ልዩነቱ ነው የሚናገረው፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከበለጠ ያ እግር ታሟል፣ ወደ ቤት እንኳ አታድርሱት። ሳይነኩ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አሁን ርካሽ ነው፣ አንድ ይኑራችሁ። ያን ቀን ከሳንዲ ፖይንት ከመውጣቴ በፊት አንድ ጊዜ ዳስሼው ቢሆን ኖሮ ልጄ ያን ጎማ አያይም ነበር።

ስትመለሱ በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ቸርኬውን፣ ባሌስትራውን፣ ፍሬን ካለውም ፍሬኑን። ፖቶማክ ወንዝ በሊሲልቫኒያ በኩል እምብዛም ጨው የለውም፣ የቼሳፒክ ውሃ ግን ጨው አለው፤ ሁለቱንም እኩል አጥባለሁ፣ ልማድ እንዳይሆንብኝ ሳይሆን ልማድ እንዲሆንልኝ። ለክረምት ጎማውን ሸፍኑ፣ ነፋሱን ሙሉ አድርጉ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ወደፊት ግፉት።

መንገድ ላይ ቢደርስባችሁ። ጎማ ሲፈነዳ ወይም ሲወልቅ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውን ጨብጣችሁ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱና ይቀንስ። ጎማው ብቻ ከሆነ የተበላሸው፣ ጠባብ ዳር ላይ ከመቆም በዝግታ እስከ መውጫው ድረስ መንዳት ይሻላል። ቸርኬው ቢያልቅ ይለቅ፣ ብረት ነው። ከቆማችሁ ሰው ሁሉ ከመኪናው በቀኝ በኩል ወጥቶ ከመከላከያው ብረት ጀርባ፣ ከተሳቢው ራቅ ብሎ ይቁም። ልጆችን መኪና ውስጥ አትተዉ። የተበላሸው በመኪና ማለፊያ በኩል ያለው እግር ከሆነና ዳሩ ጠባብ ከሆነ እዚያ ተንበርክካችሁ አትቀይሩ። ሕጉ አላፊው መስመር እንዲለቅ ያዛል፣ ሁሉም ግን አይለቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ በስልክ #77 የስቴት ፖሊስ ይገኛል፣ አደጋ ካለ 911። ቆሞ መብራት የሚያበራ የፖሊስ መኪና ከየትኛውም የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ይበልጣል፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ከኋላ የምይዘው ሳጥን ትንሽ ነው። ስኮርታ ጎማ ነፋሱ የተለካ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የመኪናው ክሮቼ ቁልፍ ለተሳቢው ዳዶ ልክ ላይሆን ስለሚችል የራሱ ቁልፍ፣ ለተሳቢው ከፍታ የሚበቃ ክሪክ፣ ሁለት የእንጨት መደገፊያ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ፣ የግንባር ባትሪ፣ ሦስት ማዕዘኖች። ከዚያ ኩሽኔታውና ላስቲኩ ቤት ውስጥ ግሪስ ተሞልቶ የተገጠመ ሙሉ ሞዞ፣ በፕላስቲክ ታስሮ፣ ከአዲስ ኮፒሊያ ጋር። መንገድ ዳር ቀለበት መምታት አይቻልም፤ ሙሉ ሞዞ መቀየር ግን የአክስሉ ጫፍ እስካልተጎዳ ድረስ ግማሽ ሰዓት ነው። ባለፈው መስከረም አንድ ወዳጄ ወደ ሌክ አና ሲሄድ ተጠቅሞበታል። ቀኑን ሙሉ አጥምዶ ሲመለስ ሰማያዊ ካትፊሽ ይዞልኝ መጣ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እኛ ቤት አይበላም፣ ጣናም እያለን አምባዛ አንበላም ነበር፤ ለጎረቤቴ ሰጠሁትና ደስ ብሎት ወሰደ።

የመጨረሻው ነገር፦ ከፓራፋንጎው በውስጥ በኩል፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በማይለቅ ቀለም ሦስት መስመር እጽፋለሁ። ሞዞው የተከፈተበት ቀን፣ የግሪሱ ዓይነት፣ የጎማው አራት አሃዝ። ዘንድሮ የተጻፈው በልጄ እጅ ጽሕፈት ነው፤ የግራውን ሞዞ ብቻውን ከፍቶ ብቻውን ዘጋው፣ ዳዶዋን በጣቱ ገትቶ ኮፒሊያዋን ሲቆለምም አጠገቡ ቆሜ አየሁት።